የልብ ትርታ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀር የደረት ውጋት

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ይህን ምክር ለልቡ ትርታ ታክሞ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ሊዘነጋው አይገባም።

ትርታው የተዛባበት ሰው በዘመናችን ደረቱ ሳይከፈት ይታከማል። ሐኪሙ ቀጭን ቱቦ በብሽሽት ደም ሥር አስገብቶ እስከ ልብ ያደርሰዋል፤ ሁከቱን የሚያስነሣውንም ጥቂት የልብ ሥጋ በሙቀት ወይም በብርድ ያከስመዋል። የቦርዶው ፈረንሳዊ ሐኪም ሚሼል አይሳጌር ከባልደረቦቹ ጋር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም.፥ ከሳንባ ወደ ልብ የሚገቡት ደም ሥሮች የሁከቱ ዋነኛ መነሻ መሆናቸውን ካስረዳ ወዲህ ሕክምናው እጅግ ተስፋፍቷል።

ነገር ግን ትርታው ከተስተካከለ በኋላ ደረቱን የሚወጋው ሰው ብዙ ነው። ሌሊት በተሰማው ቁጥር «ልቤ ዳግመኛ ታወከ» እያለ ይጨነቃል፤ ቤተሰቡም ከእርሱ ጋር እንቅልፍ ያጣል። ስለዚህ የሕመሙን መነሻ መለየት ይጠቅማል።

ልብን የሚያለብሰው ስስ ሽፋን በሕክምናው ሲቆጣ፥ ውጋቱ በረጅሙ ሲተነፍሱና በጀርባ ሲተኙ ይብሳል፤ ተቀምጠው ወደ ፊት ጎንበስ ሲሉ ግን ይቀላል። በሕክምናው ጊዜ ትርታውን ለመመለስ በደረት ላይ ኤሌክትሪክ ተሰጥቶ እንደሆነም፥ የደረት ጡንቻ ሊታመም ይችላል። የዚህ ምልክቱ ቦታውን በጣት ሲጫኑት ወይም ክንድን ሲያነሡ መጠዝጠዙ ነው። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ ይለቃሉ። የማይለቅ ወይም እያደር የሚብስ ከሆነ ግን ለሐኪም መንገር ይገባል።

ደም እንዳይረጋ መድኃኒት የሚወስድ ሰው፥ ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንደ ኢቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ አይዋጥ፤ መድማትን ያስከትልበታልና። የታዘዘለትንም መድኃኒት በገዛ ፈቃዱ አያቋርጥ።

ደረትን የሚጨቁን፥ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም፥ የትንፋሽ ማጠርና ራስን መሳት ለነገ የሚባሉ አይደሉም። ከዚህም ሌላ፥ የምግብ መውረጃው ቧንቧ ከልብ በስተኋላ ተጠግቶ ስለሚያልፍ፥ አልፎ አልፎ በሕክምናው ሊቆስል ይችላል። ይህ የሚገለጠው ሰውየው ድኛለሁ ባለበት ወራት፥ ከአንድ እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ትኩሳት፥ ሲውጡ ማመም፥ ደም ማስመለስ፥ የእጅና የእግር መስነፍ ወይም የአንደበት መተሳሰር ከታየ፥ ያን ጊዜውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድና ልብ የታከመበትን ቀን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል።

እንግዲህ ጣት የሚያገኘውን ውጋት በትዕግሥት መጠበቅ ይቻላል፤ ትኩሳት ያጀበውን ሕመም ግን ቤተሰብ አይቶ ዝም ሊል አይገባውም።