ምስሉ እስኪደርስ፦ የሚጥል በሽታና የአንጎል ምርመራ በአሶሳ

የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ ወደ ሐኪም ያመጡ ወላጆች አስቀድመው የሚጠይቁት «ጭንቅላቱ ውስጥ ምን ገብቶ ነው?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው አሶሳ ዙሪያ፣ በገጠር ቀበሌ ለሚኖር ቤተሰብ የአንጎል ምስል ማስነሣት የመንገድ፣ የአዳርና የጥሪት ጉዳይ ነው። ስለዚህ በነርቭ ሕክምናና በሕክምና ምስል መስክ ሥራውን የሚጀምር ተመራማሪ፣ ምስሉ የሚነግረንንና የማይነግረንን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ፍቺ መሠረት፣ ያለ ቅርብ ቀስቃሽ ምክንያት ከ24 ሰዓት በላይ ተራርቀው የተከሰቱ ሁለት ጥቃቶች በሽታው አለ ለማለት በቂ ናቸው። ይህን የሚያረጋግጠው በዋናነት ጥቃቱን በዓይኑ ያየ ሰው ቃል ነው። ምስሉ ምንም ጉዳት ባያሳይም በሽታው ሊኖር ይችላል።

የምስል ድርሻ መንሥኤን መፈለግ ነው። ሲቲ ስካን ኤክስሬይን ከልዩ ልዩ አቅጣጫ እያሳለፈ የአካሉን ጥግግት በኮምፒውተር ይቀምራል፤ የደም መፍሰስንና የካልሲየም ክምችትን ፈጥኖ ያሳያል። ኤምአርአይ ደግሞ በመግነጢስ ውስጥ የሃይድሮጅን አስኳሎች የሚሰጡትን ምልክት ይለካል፤ በጆሮ ግንድ አቅጣጫ ባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ የሚገኘውን የሂፖካምፐስን ጠባሳ ለመለየት ከሲቲ ስካን ይሻላል።

የሕክምና ክፍተቱን ስፋት የሚያሳየው በአገራችን የተደረገ ጥናት ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት የቡታጅራ አካባቢ ጥናት፣ ከ1,000 ሰው 5.2 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አመለከተ። በታወቀ የበሽታው መድኃኒት የታከሙት ግን ከሕሙማኑ 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ይህን ያወቁት ቤት ለቤት ጠይቀው ነው።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝም መንሥኤን ለመመርመር ሰፊ ምክንያት አለ። ክልሉ ወባ የሚበዛበት ነው፤ አንጎልን ከሚያጠቃ ወባ የተረፉ አንዳንድ ሕፃናት ኋላ የሚጥል በሽታ ይይዛቸዋል። በወንዞቹ አካባቢም በጥቁር ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ኦንኮሰርሲያሲስ ይገኛል። በካሜሩን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከቆዳቸው የትሉ እጭ የተቆጠረላቸው ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ2017 ተፈልገው ሲጠኑ፣ ብዙ እጭ የነበራቸው በኋላ በሚጥል በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። የዚህ ግኝት መሣሪያ ቁራጭ ቆዳ፣ ማይክሮስኮፕና ትዕግሥት ነበሩ።

ስለዚህ የጀማሪው ተመራማሪ የመጀመሪያ ሥራ መጠይቅ ማዘጋጀት ነው። መጠይቁም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በበርታ፣ በጉሙዝና በሺናሻ ቋንቋዎች መፈተን አለበት፤ ሁሉም ጥቃት ጥሎ የሚያንቀጠቅጥ አይደለምና። ለአፍታ ፈዞ የሚቀር፣ አፉን እያላመጠ የማይመልስ ልጅም «ይወድቃል ወይ?» ተብሎ ብቻ ከተጠየቀ ያመልጣል።

ከዚያ በኋላ ወደ ምስል መላክ የሚገባው ይለያል፦ ጥቃቱ ከአንድ ወገን የሚጀምር፣ እጅ ወይም እግሩ እየደከመ የሚሄድ፣ ማስታወክ ያለበት የማያቋርጥ ራስ ምታት የያዘው፣ ጭንቅላቱ የተጎዳ፣ ወይም በሽታው በጎልማሳነት የጀመረው ሕመምተኛ ቅድሚያ ያስፈልገዋል። ለሌሎቹ ግን በሽታው በቃል ታሪክና በአካላዊ ምርመራ ከታወቀ፣ እንደ ፊኖባርቢታል ያለውን በርካሽ የሚገኝ መድኃኒት መጀመር ምስሉ እስኪነሣ መዘግየት የለበትም። ምስሉ ቢዘገይ መንሥኤው ሳይታወቅ ይቆያል፤ ሕክምናው ቢዘገይ ግን ልጁ እሳት ላይ ወይም ውሃ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል።