ተረትና እውነታ፦ በእርግዝና ጊዜ ሁሉንም በሙቀት ማሳበብ

ጋምቤላ ከተማ ባሮ ዳር ናት። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲነካ ውኃ የማይጠማው፣ ማታ እግሩ የማይከብደው ሰው የለም። ነፍሰ ጡሯ «ጠማኝ» ስትል «ሙቀቱ ነው»፣ «ሽንቴ በዛ» ስትል «ሽሉ ፊኛሽን ተጭኖት ነው»፣ «እግሬ አበጠ» ስትል አሁንም «ሙቀቱ ነው» ትባላለች። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ስኳርና ግፊት ተደብቀው የሚቆዩትም ለዚሁ ነው።

«ስኳር የሀብታም በሽታ ነው፤ በቆሎ ገንፎ የሚበላ አይያዝም» ይባላል። በእርግዝና ጊዜ ግን እንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ኢንሱሊን ሥራውን እንዳይሠራ ያውኩታል። ቆሽቷ ይህን ማካካስ ካቃተው፣ ሻይዋን ያለ ስኳር ብትጠጣም ደሟ ውስጥ ስኳር ይከማቻል። ገንፎውም ቢሆን ሆድ ገብቶ ስኳር ይሆናል። ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት መመርመር የሚመከረው ለዚህ ነው።

«ስኳር ካለ ግፊት አይቀርም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። የእርግዝና ስኳር ያለባት እናት በፕሪኤክላምፕሲያ፣ ማለትም በእርግዝና በሚመጣው አደገኛ የደም ግፊት፣ የመያዝ ዕድሏ ከፍ ይላል። ሆኖም ስኳር ኖሮባት ግፊት የማይነካት አለች፤ ስኳሯ ደህና ሆኖ ግፊቷ የሚያሻቅብም ሞልታለች። አንዱን ለክቶ ሌላውን መተው አያዋጣም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ራስ ምታቱ ነው። ጋምቤላ ውስጥ ራሱን ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ወባን ነው፤ ቢጠረጥርም አይፈረድበትም። ጣት ተወግቶ ወባ ሲታጣ ግን ማስታገሻ ይዞ ቤት መግባት ይመጣል። ከ20 ሳምንት ያለፈች ነፍሰ ጡር አልለቅ ያላት ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከቀኝ ጎድን ሥር ሕመም ወይም የፊትና የእጅ እብጠት ካላት፣ ወባ ቢገኝባት እንኳ ግፊቷ ይለካ። 140/90 ካሳየ ልኬቱ ይደገማል፣ ሽንቷም ለፕሮቲን ይታያል። 160/110 ከደረሰ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ካልታከመች ማንቀጥቀጥ ሊከተል ይችላል፤ ያኔም «ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጣ» ይባላል። ማንቀጥቀጡን አስቀድሞ የሚከላከል ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባል መርፌ አለ። «ምንም አያመኝም፣ ግፊት የለብኝም» የምትለዋም ትለካ፤ ግፊት ሳያም የሚከርም ነው።

የስኳርና የግፊት መድኃኒት ሽሉን ይጎዳል የሚሉም አሉ። ኢንሱሊን ለሽሉ አደጋ የለውም፤ ለግፊት የሚታዘዙት ሜቲልዶፓና ኒፌዲፒንም በእርግዝና ለዓመታት የተሠራባቸው ናቸው። ከማርገዟ በፊት ኢናላፕሪል የተባለውን የግፊት መድኃኒት ትወስድ የነበረች ግን ሳትውል ሳታድር ሐኪም ዘንድ ሄዳ ታስቀይረው።

«ስትወልድ ይለቃታል» የሚለውም ሁልጊዜ አይሠራም። ግፊቱ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት አዲስ ሊነሳ ይችላል፤ የእርግዝና ስኳር የነበረባትም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እንደገና መመርመር አለባት። ሕፃኑ በ6ኛ ሳምንቱ ለክትባት ጤና ጣቢያ ሲሄድ እናትየው በዚያው የራሷን ስኳርና ግፊት ልታሳይ ትችላለች።