አጭሯ መንገድና ትልቁ ኃላፊነት

እንደሚታወቀው፣ ስለ መንገድ በተነሣ ቁጥር ብዙዎቻችን የምንጠይቀው ርዝመቱን ነው። በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር መንገድ ሲሠራ እናደንቃለን፤ አጭሩን አገናኝ መንገድ ግን ከቁም ነገር አናስገባውም። ይህ አስተሳሰብ ሊታረም ይገባዋል። የመንገድ ዋጋ የሚለካው በሚያስተሳስረው ሕዝብ ኑሮና ሥራ እንጂ በኪሎ ሜትሩ ብዛት አይደለም። ለዚህም የአርባ ምንጭ ከተማ ተጨባጭ ምስክር ናት።

አርባ ምንጭ በ1950ዎቹ ዓመታት የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነትን ከጨንቻ ስትረከብ፣ ያደገችው በአንድ ስፍራ ተሰብስባ ሳይሆን በሁለት ተከፍላ ነው። ሴቻ ከከፍታው ላይ የመሥሪያ ቤቶች መቀመጫ ሆነች። ሲቀላ ደግሞ ከታች የንግድና የመኖሪያ ሰፈር ሆነች። በመካከላቸው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አለ።

እዚህ ላይ መሠረታዊ ተቃርኖ እናያለን። ማኅተሙ ከላይ፣ ገበያው ከታች ነው። ጉዳይ ያላት ነጋዴ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ደመወዙን የተቀበለ ሠራተኛ አስቤዛውን ለመሸመት ወደ ታች ይወርዳል። ይህን ተቃርኖ በየዕለቱ የሚፈታው ያ አጭር መንገድ ነው። እርሱ በተቋረጠ ዕለት አንዲቱ ከተማ ሁለት ትሆናለች፤ ቢሮው ከሕዝቡ፣ ሕዝቡም ከቢሮው ይርቃል።

ይህ ብቻ አይደለም። በሰሜን ከወላይታ ሶዶ የሚመጣው፣ በደቡብ ወደ ኮንሶ የሚዘልቀው፣ ከደጋውም ከጨንቻ የሚወርደው መንገድ የሚገናኙት በዚህችው ከተማ ነው። የቆላው ሙዝ፣ የአባያና የጫሞ ዓሣ፣ የጨንቻ ፖም፣ የዶርዜ ሸማኔዎች ጥበብ ወደ ሸማቹ የሚደርሱት በእነዚህ መንገዶች ነው። ሸማኔው ጠንቅቆ እንደሚያውቀው፣ ድር ብቻውን ጋቢ አይሆንም፤ ማግ ያስፈልገዋል። ረጃጅሞቹ አውራ መንገዶች ድር ቢሆኑ፣ አጫጭሮቹ አገናኞች ማጉ ናቸው። ማጉ ከተበጠሰ ድሩ ምን ያህል ቢረዝም ልብስ አይወጣውም።

ተፈጥሮ አባያንና ጫሞን የሚለየውን፣ ሕዝቡ «የእግዜር ድልድይ» ብሎ የሰየመውን መሬት ያለ ሰው እጅ አቁማዋለች። የሰው ልጅ የሠራው መንገድ ግን ያለ ሰው ጥበቃ አይቆምም።

የመንገድ ቀንደኛ ጠላቶች ሁለት ናቸው፦ ውሃና ከልክ ያለፈ ጭነት። ቦይ ሲደፈን ውሃው ከአስፋልቱ ሥር ይሰርጋል፤ መሠረቱ ይላላል፤ ከዚያ በኋላ የሚያልፈው ጎማ ሁሉ ስንጥቁን ወደ ጉድጓድ ይለውጠዋል። ስለ ጭነት ደግሞ፣ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ የተካሄደ ሰፊ የመንገድ ሙከራ አንድ ትምህርት ትቶልናል። በአንድ አክሰል ላይ ያረፈው ክብደት በእጥፍ ሲያድግ፣ በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ከልክ በላይ የጫነ ባለ መኪና ለራሱ ያተረፈ ቢመስለውም፣ ኪሳራውን ያሸከመው መላውን ኅብረተሰብ ነው።

መንገድ የጋራ ሀብት ነው ስንል ለንግግር ማሳመሪያ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም ለጥገና ከታሰቡት የገቢ ምንጮች ዋነኛው ከነዳጅ ሽያጭ ላይ የሚሰበሰበው ገንዘብ ነበር። ነዳጅ የሚቀዳው ባለ መኪናው ቢሆንም፣ ሒሳቡ ዞሮ ዞሮ በባጃጅ ከሚሳፈረው ሠራተኛና የተጓጓዘ እህል ከሚሸምተው ቤተሰብ ላይ ያርፋል። የከፈለ ደግሞ የመጠየቅ መብት አለው። የመጠበቅም ግዴታ አለበት።

መንገዱ ሲበላሽ ፊተኛው ተጎጂ ማን እንደሆነ እንመልከት። ባለ መኪናው ፍጥነቱን ቀንሶ ያልፋል። ሙዝ በጀርባዋ ያዘለችው እናት ግን ዳር ዳሩን ትታ ወደ መኪናው መሐል ትገፋለች። የጠርዙ መበላሸት ለእርሷ የሕይወት ጉዳይ ነው። እንግዲህ የእግረኛውን መሄጃ በአሸዋና በድንጋይ ክምር የሚዘጋ ሁሉ፣ የሚዘጋው የማንን መንገድ እንደሆነ ይወቅ።

ከዚህ በመነሣት ለነዋሪዎች ማኅበር አባላትና ለሠራተኞች የምናሳስበው ግልጽ ነው። የበልጉ ዝናብ ሳይገባ በየደጃችን ያለውን ቦይ በደቦ እንጥረግ፤ ቆሻሻ አንድፋበት። ከእኛ አቅም በላይ የሆነውን ደግሞ ኃላፊነቱ የተጣለበት አካል በወቅቱ እንዲጠግን፣ በየስብሰባችን በስምና በቦታ ለይተን እንጠይቅ። የራሳችንን ድርሻ ሳንወጣ ሌላውን መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ የራሳችንን ተወጥተን ዝም ማለትም እንዲሁ።

ጋሞዎች የጋራ ጉዳያቸውን በዱቡሻ ተቀምጠው ሲመክሩበት የኖሩ ሕዝብ ናቸው። አራቱ ኪሎ ሜትርም የጋራ ጉዳይ ነው። ይመከርበት፤ ከምክሩም በኋላ አካፋው ይነሣ።