ከዋክብት መሃል የምትንቀሳቀሰው ነጥብ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 6 ቀን 2008 በአሪዞና ሌመን ተራራ ላይ ያለው የካታሊና ቅኝት ቴሌስኮፕ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ ያዘ። 2008 ቲሲ3 የተባለችው ይህች አስትሮይድ ስፋቷ 4 ሜትር ገደማ ነበር፤ በማግስቱ በሱዳን፣ በኑቢያ በረሃ ሰማይ ላይ ፈነዳች። መሬትን ከመምታቷ በፊት በህዋ ላይ የታየች የመጀመሪያዋ አስትሮይድ እሷ ናት። የምትወድቅበት ቦታ አስቀድሞ በመሰላቱም የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን በዚያው ዓመት መጨረሻ በረሃውን ተሰልፈው እያሰሱ ስብርባሪዎቿን ለቀሙ።

እንዲህ ያለ ነገር ከሩቅ ሲታይ ቅርጽ የለውም። ብርሃኑ የሚያርፈው በጥቂት ፒክስሎች ላይ ነው፤ የኮከብም ብርሃን እንደዚያው። የካሜራው ዳሳሽ ሙቀትና ከጠፈር የሚመጡ ጨረሮች ደግሞ የሐሰት ነጥቦችን ይፈጥራሉ። ስለዚህ አንድ ፎቶ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለየው እንቅስቃሴ ነው። የካታሊና ቡድን አንዱን የሰማይ ክፍል በደቂቃዎች ልዩነት አራት ጊዜ ያነሳል። ከዋክብቱ ባሉበት ሲቆዩ፣ በቀጥታ መስመርና በእኩል ፍጥነት የሄደችው ነጥብ ትመረመራለች።

ዘዴው ከካሜራ ይቀድማል። ጁሴፔ ፒያዚ በ1801 ፓሌርሞ ላይ ሴሬስ የተባለችውን አስትሮይድ ያገኘው ከሌሊት ወደ ሌሊት ቦታዋን ስትቀይር በዓይኑ አይቶ ነው። በ1930 ክላይድ ቶምባው ፕሉቶን ያገኘው በተለያዩ ሌሊቶች የተነሱ ሁለት የመስታወት ፎቶዎችን በመሣሪያ እያፈራረቀ በማየት ነበር። ዛሬ ይህን ማነጻጸር ኮምፒውተር ይሠራዋል። ነጥቧ በአንድ ፎቶ ላይ ጨርሶ የማትለይ ከሆነም፣ በተገመተው ፍጥነቷ ልክ ምስሎቹን እያንሸራተቱ ይደራርቧቸዋል፤ ያን ጊዜ የተበታተነው ብርሃኗ አንድ ቦታ ይከማቻል።

ማየት ግን የሥራው ግማሽ ነው። አንድ ካሜራ የሚነግረን አቅጣጫን እንጂ ርቀትን አይደለም። አቅጣጫው የሚለካው ቦታቸው በትክክል ከታወቀ ከዋክብት አንጻር ነው፤ ምህዋሩ የሚገኘው ግን ብዙ ልኬቶች ሲጠራቀሙ ነው። ሴሬስ በፀሐይ ብርሃን ተጋርዳ ስትጠፋ መልሶ ያስገኛት የካርል ፍሬድሪክ ጋውስ ስሌት ነበር። በ2024 መጨረሻ የተገኘችው 2024 ዋይአር4 የተባለች አስትሮይድም ከመሬት ጋር የመጋጨት ዕድሏ በፌብሩዋሪ 2025 ወደ 3 በመቶ ከፍ ብሎ ብዙዎችን አስደንግጦ ነበር። ቀጣይ ልኬቶች ሲመጡ ስጋቱ ለመሬት ከሞላ ጎደል ጠፋ። ቁጥሩ የወጣውም የወረደውም አዳዲስ ልኬቶች ስለተጨመሩ ነው፤ ዜናውን የሰማ ሰው ይህን ማወቅ ነበረበት።

ትልቁ ክፍተት በፀሐይ በኩል ነው። በ2013 በሩሲያ ቼልያቢንስክ ከተማ አቅራቢያ የፈነዳችው 20 ሜትር ገደማ የምትሆን አስትሮይድ የመጣችው ከዚያ አቅጣጫ ስለነበር ማንም አላያትም፤ በፍንዳታው ከሺህ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ በመስኮት ስብርባሪ፣ ቆሰሉ። ናሳ እያዘጋጀው ያለው ኒዮ ሰርቬየር የተባለ ቴሌስኮፕ ለዚህ የታሰበ ነው። በህዋ ላይ ሆኖ ወደ ፀሐይ ቀረብ ያለውን ሰማይ ይቃኛል፤ የሚፈልገውም የተንጸባረቀ ብርሃንን ሳይሆን የአለቶቹን ሙቀት ነው። ጥቁር ስለሆኑ ለተራ ቴሌስኮፕ የማይታዩ አለቶችም በሙቀታቸው ይለያሉ።