የሠርጉ ዲቪዲ ሳይደበዝዝ
ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ፍላሽ ሞልቷል፤ የሠርጋችን ቪዲዮ ግን ዛሬም ቁም ሣጥን ውስጥ በዲስክ ተቀምጧል። በርን የተደረገ ዲስክ ደግሞ መረጃ የያዘበት ቀለም በሙቀትና በብርሃን ይደበዝዛል። ኮምፒውተርዎ አሮጌ ቢሆንም አይጨነቁ።

መጀመሪያ ዲስኩን እንዳለ ወደ ሃርድ ዲስክ ይቅዱት፤ ከዲስኩ ላይ እያነበቡ መቀየር ሥራውን ያጓትታል። ቦታ ካለዎት በዚሁ ይብቃዎት፤ ተራ ዲቪዲ ቢበዛ 4.7 ጊጋባይት ስለሆነ ባለ 32 ፍላሽ 6 ዲስክ ይይዛል።

ማሳነስ ከፈለጉ በነፃ በሚገኘው ሃንድብሬክ ኤች 264ን መርጠው ፍጥነቱን «ቬሪ ፋስት» ላይ ያድርጉ። ፋይሉ ትንሽ ቢተልቅም ጊዜው በእጅጉ ያጥራል። ኮምፒውተር ሲግል ራሱን ስለሚያዘገይ፣ ቀዝቀዝ ሲል ማታ ይጀምሩ።

ጠዋት ከፍተው ይዩት፤ አንዱን ቅጂም ለእናትዎ ይስጡ።