ጠፍቶ የቀረው የኮልፌ ሽጉጥ፦ የታሪክ ዕቃን በእንጨት እንዴት እንሠራለን?

ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም (በፈረንጆቹ 1962) ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዳቸውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ሥልጠናው ለስድስት ወር ታስቦ ነበር፤ ሁለት ወር ገደማ እንደቆዩ ግን ወደ አገራቸው ተጠሩ።

ሲሸኙ ኮሎኔል ታደሰ (በኋላ ጀኔራል ታደሰ ብሩ) አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጧቸው። ሽጉጡ ማካሮቭ እንደነበር ይነገራል። ማንዴላ ሪቮኒያ በሚገኘው የሊሊስሊፍ እርሻ ቀበሩት። ብዙም ሳይቆይ፣ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ተያዙ። ከ27 ዓመት እስር በኋላ ሽጉጡ ቢፈለግ ቢፈለግ እስካሁን የለም።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ለትምህርት ቤት ድራማ ወይም ለአጭር ፊልም ብትፈልጉት ዕቃውን የምታገኙበት ቦታ የለም። ያለው አማራጭ መሥራት ነው።

ግልባጭ መሥራት ማጭበርበር ነው እንዴ?

አይደለም። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሄዳችሁ የምታዩዋት ሉሲ ራሷ ግልባጭ ናት፤ በ1967 ዓ.ም ሐዳር የተገኘው እውነተኛው አጥንት ለጥንቃቄ ለብቻው ይቀመጣል። ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው ሴባስቶፖልም ግልባጭ ነው፤ ዋናው መቅደላ ነው ያለው። አጭበርባሪ የሚባለው ግልባጩን "ኦርጅናል ነው" ብሎ የሚሸጠው ሰው ነው። ስለዚህ የሠራችሁት ዕቃ ሥር ስማችሁንና ዓመቱን ቅረጹበት።

እንጨቱ

ኮልፌ አጠና ተራ ቅርብ ነው ብላችሁ አጠና እንዳትገዙ። አጠና ባህር ዛፍ ነው፤ እርጥብ ከሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ጽድ ሽታው ደስ ይላል ግን ቶሎ ይፈለጣል። ወይራ ጠንካራ ነው፣ ለጀማሪ እጅ ያደክማል። ለመጀመሪያ ሥራ የሚሻለው በደንብ የደረቀ ዋንዛ ነው። አዲስ ጣውላ መግዛት አያስፈልግም፤ ሰፈራችሁ ያለ የአናጢ ቤት ገብታችሁ ቁርጥራጭ ጠይቁ። የምትፈልጉት ከመዳፍ ትንሽ የሚበልጥ ነው።

ልኩ

አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ በግምት ይጀምርና መጫወቻ የሚመስል ነገር ያወጣል። ቀጥ ብሎ ከጎን የተነሳ ፎቶ ፈልጉ። የማካሮቭ ሙሉ ርዝመት 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ያተማችሁት ፎቶ ላይ 8 ሴንቲ ከሆነ፣ እያንዳንዱን ልክ በ2 ማባዛት ነው። ይህ ዘዴ ለጋሻም ለበርኩማም ይሠራል፤ አንድ እውነተኛ ልክ ካወቃችሁ ሌላው ሁሉ ከሱ ይወጣል።

አሠራሩ

ልኩን ካርቶን ላይ ሥላችሁ ቁረጡ። ውፍረቱ 3 ሴንቲ ስለሚሆን አንድ ሴንቲ ውፍረት ያላቸው ሦስት ቁራጮችን በኮላ አጣብቁና ሞርሳ ውስጥ አሳድሯቸው። ካርቶኑን ለጥፋችሁ ዙሪያውን በመጋዝ አውጡ፣ ከዚያ በሞረድ ማዕዘኑን አለስልሱ። መሮ ስትጠቀሙ ሌላኛው እጃችሁ ከስለቱ ፊት አይሁን። ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ ካለ ሰጋቱራ ከኮላ ጋር ለውሳችሁ ድፈኑት። በመጨረሻ ብርጭቆ ወረቀት፤ ከሻካራው ወደ ልስላሴው። አቧራው ለሳንባ ጥሩ አይደለም፣ ማስክ አድርጉ።

አሁን ዋናው ጉዳይ

ጥቁር ቀለም አትቀቡት። አዎ፣ ያምራል። ግን 20 ሜትር ርቆ የቆመ ፖሊስ እጃችሁ ላይ ያለው እንጨት ይሁን ብረት መለየት አይችልም፤ ለማጣራትም ጊዜ ላይኖረው ይችላል። እንጨቱ እንጨት መሆኑ እንዲታይ ቫርኒሽ ብቻ በቂ ነው። አፈሙዙን ደግሞ ደማቅ ብርቱካናማ ቀቡት። ታክሲ ውስጥ በእጅ አትያዙት፣ ከቦርሳ አታውጡት። ሰው ላይ ለቀልድ አታነጣጥሩ። መንገድ ላይ ለመቅረጽ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ለሰፈሩ ፖሊስ አሳውቁ። ለአንድ ቪዲዮ ሲባል ሕይወት አይጠፋም።

"ሽጉጥ ይቅርብኝ" የምትሉ ደግሞ ለየካቲት 23 የአድዋ በዓል ጋሻ ሞክሩ። ከኮምፔልሳቶ ክብ ቁረጡና ቆዳ ወይም ወፍራም ጨርቅ አልብሱት። ከዚያ በኋላ ማንም ካርቶን ጋሻ አይሸጥላችሁም።

እናንተ ከሰፈራችሁ ታሪክ ውስጥ የትኛውን ዕቃ በእንጨት ብትሠሩ ደስ ይላችኋል? ኮመንት ላይ ጻፉልን። የሠራችሁት ካለም ፎቶውን ላኩልን፣ እናጋራዋለን።