«አያቴ እስከ ዘጠና ዓመታቸው አጭሰዋል»

ቡራዩ ከታ ጫት ቤት በራፍ ላይም ሆነ ሱሉልታ ታክሲ ተራ፣ የሲጋራ ወሬ ከተነሳ አንድ መልስ አይጠፋም፤ «አያቴ እስከ ዘጠና ዓመታቸው አጭሰዋል፣ ምንም አልሆኑም።» ውሸት ላይሆን ይችላል። ሌላው ግን ገና በአርባዎቹ ድምፁ ሰልሎ፣ ማንቁርቱ ላይ ካንሰር ተገኝቶበት፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና ወረፋ ይጠብቃል። ሁለቱም ያጨሱት ትምባሆ ነው።

የሁለቱ ልዩነት ከፊሉ ዕድል ነው። ከፊሉ ግን ከእናት ከአባት ይወረሳል።

የትምባሆ ጭስ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች አሉት፤ 70 ያህሉ ካንሰር ያመጣሉ። አንዱ ቤንዞፓይሪን ይባላል። የሚገርመው፣ አደገኛ የሚያደርገው የገዛ ሰውነታችን መሆኑ ነው። ሲዋይፒ1ኤ1 የተባለው ኢንዛይም ሊያስወግደው ሲል ቅርጹን ይለውጠዋል፤ የተለወጠው ደግሞ ሄዶ ዲኤንኤ ላይ ይጣበቃል። እዚህ ላይ ጂኤስቲኤም1 የተባለ ሌላ ኢንዛይም ደርሶ መርዙን ያከሽፋል፣ ከሰውነት እንዲወጣም ያደርጋል። ታዲያ ይህን ኢንዛይም የሚያሠራው ዘረ-መል ጭራሽ የሌላቸው ሰዎች አሉ፤ ከአውሮፓውያን ግማሽ ያህሉ እንዲህ ናቸው። አያማቸውም፣ አያውቁትምም።

ጉዳት የደረሰበትን ዲኤንኤ የሚጠግኑት ዘረ-መሎችም ከሰው ሰው ይለያያሉ። ፋንኮኒ አኒሚያ የሚባል ብርቅ የውርስ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ጥገናው ከመነሻው ስለተበላሸ፣ ሳያጨሱ እንኳ በወጣትነታቸው የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ሊይዛቸው ይችላል።

«እንግዲያው ተመርምሬ ዘሬን ልወቅ» ለሚል መልሴ አጭር ነው፤ ገንዘብዎን አያባክኑ። የጂኤስቲኤም1 አለመኖር ብቻውን የሚጨምረው አደጋ ጥቂት ነው፤ ሲጋራው የሚጨምረው ብዙ እጥፍ ነው። «ደህና ነህ፣ አጭስ» የሚል የምርመራ ውጤት የለም።

ከምርመራው ይልቅ የቤተሰብ ታሪክ ይጠቅማል። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ ወላጁን፣ ወንድሙን ወይም እህቱን የአፍ፣ የጉሮሮ ወይም የማንቁርት ካንሰር የያዘበት ሰው አደጋው 1.7 እጥፍ ገደማ ነው። ይኸው ሰው የሚያጨስና የሚጠጣ ከሆነ ወደ 7 እጥፍ ይጠጋል። ሰበታ የሜታ ቢራ አገር ናትና ይህ ግሮሰሪ ውስጥ ቢነገር ደግ ነው፤ መጠጥና ሲጋራ አብረው ሲሆኑ አደጋው መደመሩ ቀርቶ ይባዛል። ጋያውም ሺሻውም ያው ትምባሆ ነው፤ ጭሱ በውኃ ማለፉ አያጠራውም።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን፣ ዕድሜው 21 ላልሞላው ሰው ትምባሆ መሸጥንም ከልክሏል። ሱቅ በደረቴው ግን መታወቂያ ሲጠይቅ አላየሁም።

ዘርን መለወጥ አይቻልም፣ ማቆም ግን ይቻላል። ካቆሙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አደጋው መቀነስ ይጀምራል፤ ከ20 ዓመት በኋላ ካላጨሰ ሰው ጋር ይቀራረባል። ድምፅዎ ከሦስት ሳምንት በላይ ከሰለለ፣ አፍዎ ውስጥ ያለ ቁስል አልድን ካለ፣ አንገትዎ ላይ እብጠት ከወጣ ወይም መዋጥ ካስቸገረዎ፣ የጉሮሮ ብርድ ነው ብለው አይተዉት። በአቅራቢያዎ ያለ ጤና ጣቢያ ሄደው፣ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ሪፈር እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ፤ ከቤተሰብዎ በዚህ ካንሰር የታመመ ካለም አይደብቁ፣ ይንገሯቸው።